የእርሻ ሥራ መኪና የፊት ሞላ ሲለወጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር

በክረምት የዋልካው መሬት ሲላቍጥ፥ በበጋም ኮረኮንቹ ሲያፈጥጥ፥ ምርጥ ዘርና የከብት ክትባት ይዞ ወደ ገበሬው መንደር የሚዘልቀው በአራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ነው። ስለዚህ መኪናው ከፍ እንዲልለት የሚሻ መሥሪያ ቤት የፊቱን ሞላ በረዥም ሞላ ያስለውጣል። ነገር ግን ሞላ የሚመረጠው በሚሸከመው ክብደትና በሚሄድበት መንገድ እንጂ በቁመት ብቻ አይደለም። ይህ ሳይመረመር የተለወጠ ሞላ መኪናውን ያበላሻል፤ የተሳፋሪውንም ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

1ኛ፤ የመኪናውን ዓይነት ስለ መለየት። የላንድ ክሩዘር 70 ዓይነት የጭነት መኪና የፊት አክስሉ ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ነው። በፈረንጅ ቍጥር እስከ 1999 ድረስ በባሌስትራ ላይ ያርፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከፊት በጥቅልል ሞላ ላይ ያርፋል፤ የኋላው በባሌስትራ ቀርቷል። በ2005 የወጣው ሂሉክስና ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ እያንዳንዱ የፊት ጎማ በላይና በታች ክንድ ተይዞ ለብቻው ይነሣል፥ ይወርዳል። ለአንዱ የሚስማማው ለሌላው አይስማማም።

2ኛ፤ ስለ ከፍታ። አክስሉ ወጥ የሆነ መኪና በረዥም ሞላ ሲነሣ ከፍ የሚለው ሻንሲውና አካሉ ነው። ዲፈረንሻሉ ከጎማዎቹ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ በነበረበት ይቀራል፤ በድንጋይ የሚመታውም፥ በጭቃ የሚጎተተውም እርሱ ነው። እርሱን ከመሬት የሚያርቀው ትልቅ ጎማ ነው፤ የጎማው ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር ዲፈረንሻሉ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። የረዥም ሞላ ጥቅም ለትልቅ ጎማ ስፍራ መስጠትና መኪናው ወደ ቀጥ ያለ ዳገት ሲገባ አፍንጫው እንዳይመታ ማድረግ ነው። ለሥራ መኪና 5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ መሻት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ መኪና ከፍ ባለ መጠን በተዳፋትና በጠመዝማዛ መንገድ የመገልበጡ አደጋ ይበዛልና።

3ኛ፤ ስለ ክብደት። ሞላ ከመገዛቱ አስቀድሞ መኪናው ነዳጁን ሞልቶ፥ የዘወትር ዕቃውን ይዞ፥ የፊት ጎማዎቹ ብቻ በጭነት መኪና ሚዛን ላይ ቆመው ይመዘን። ለምሳሌ አንዱ ሞላ በ40 ኪሎ 1 ሳንቲ ሜትር የሚረግጥ ቢሆን፥ የፊት መከላከያ ብረቱና የመጎተቻው መሣሪያ በአንድነት 120 ኪሎ ቢመዝኑ፥ ለእያንዳንዱ ሞላ 60 ኪሎ ይደርሰዋል፤ መኪናውም 1.5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ክብደቱ ከአክስሉ ፊት የተንጠለጠለ ስለ ሆነ ከዚህም ጥቂት ይበልጣል። እንዲህ ያለ ዕቃ የተሸከመ መኪና ጠንካራ ሞላ ይሻል። ምንም ያልተጨመረበት መኪና ግን ጠንካራ ሞላ ቢገባለት ይነጥራል፤ ጎማው መሬቱን ስለሚለቅ መሪና ፍሬን ይከዱታል።

4ኛ፤ ስለ አሞርቲዛተር። ሞላ ረዝሞ አሞርቲዛተሩ አጭር ሆኖ ቢቀር፥ ጎማው ወደ ጕድጓድ በወረደ ቍጥር አሞርቲዛተሩ እየተወጠረ ይሰበራል። ስለዚህ ሁለቱ በልክ ተስማምተው አብረው ይገዙ። የፍሬኑ ጎማ ቱቦም እንዳይወጠር ይታይ። እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበ የጠጠር መንገድ ለረጅም ሰዓት የሚሄድ መኪና አሞርቲዛተሩ ስለሚግል ንዝረት የመግታት ኃይሉ ይደክማል፤ ለእንዲህ ያለው ወፍራሙን መምረጥ ይበጃል።

5ኛ፤ ስለ መሪ። የላንድ ክሩዘሩ አክስል ወደ ኋላ በተዘረጉ ሁለት ክንዶች ከሻንሲው ጋራ ተያይዟል። ሻንሲው ሲነሣ ክንዶቹ ስለሚያዘነብሉ አክስሉ ጥቂት ይዞራል፤ በዚህም ምክንያት መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ የመመለስ ጠባዩን ያጣል፥ መኪናውም በአስፋልት ላይ ይቅበዘበዛል። መድኃኒቱ ቀዳዳው ከመካከል ፈቀቅ ያለ ጎሚኒ በክንዶቹ ላይ ማግባት ነው። አክስሉን በአግድም የሚይዘው ዘንግ ደግሞ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ስለሚስበው ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ሊያስፈልግ ይችላል።

6ኛ፤ ስለ ሂሉክስ። በዚህ መኪና ዲፈረንሻሉ ከሻንሲው ጋራ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ወደ ጎማዎቹ ኃይል የሚያደርሱት ዘንጎች አለልክ ስለሚያዘነብሉ መገጣጠሚያቸው ቶሎ ያልቃል፥ የጎማ ሽፋናቸውም ይቀደዳል። ከሞላው በላይ ብረት ጨምሮ ማስነሣት ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሆኖም ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ልክ ይቀንሳል፥ የላይኛውንም ክንድ መገጣጠሚያ ያስጨንቃል። ስለዚህ ሙሉውን ሞላና አሞርቲዛተር መለወጥ ይሻላል።

7ኛ፤ ከሥራው በኋላ። የጎሚኒዎቹ ቡሎኖች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። ከዚያ የጎማው አቀማመጥ በመሣሪያ ይለካ፤ የፊት መብራቱም ወደ ታች ይመለስ። 500 ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ቡሎኖቹ ሁሉ ዳግመኛ ይጠበቁ።

እንግዲህ ሹሙ ገንዘብ ከመፍቀዱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ መኪናው ምን ያህል ይሸከማል? በምን መንገድ ይሄዳል? መሪውንና ፍሬኑን የሚያስተካክለው ማን ነው? ለነዚህ መልስ ሳይገኝ የሚገዛ ሞላ የመንግሥትን ገንዘብ ያባክናል፤ የገበሬውንም ዘር ከመንገድ ያስቀራል።