ጥንድ ለጥንድ፤ ጀግኖቹ፣ ክፉዎቹና አንድ ቀኝ ክንድ

በጋራ መቀመጫ ክፍላችን የቆየ የአሜሪካ ትግል በታየ ቁጥር አንዱ «ይኼ እኮ ቲያትር ነው!» ሲል ሌላው «ታዲያ ሲወድቅ አያመውም?» ይላል። የሕክምና ተማሪ ነህና ፍረድ ስለተባልሁ፣ ፍርዴን በጽሑፍ ማቅረብ መረጥሁ። ለጥናታችን እንዲያመች አንድ ግጥሚያ ብቻ እንውሰድ።

ማርች 31 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ በመጀመሪያው ሬስልማኒያ መዝጊያ፣ በአንድ ወገን ሀልክ ሆጋንና ሚስተር ቲ፣ በሌላው ሮዲ ፓይፐርና ፖል ኦርንዶርፍ ተሰለፉ። ሚስተር ቲ የፊልም ተዋናይ እንጂ ታጋይ አልነበረም። ከሪንጉ ውጭ በዳኝነት የቆመው ደግሞ መሐመድ ዓሊ ነበር።

የጥንድ ትግል ሕግ ቀላል ነው። ከየወገኑ አንድ ሰው ብቻ ይገባል፤ ሌላው ከገመዱ ውጭ በማዕዘኑ ቆሞ ባልደረባው እጁን እስኪነካው ይጠብቃል። ድራማው በሙሉ የሚፈልቀው ከዚህች ሕግ ነው። ክፉዎቹ አንዱን ጀግና ወደ ራሳቸው ማዕዘን ጎትተው፣ የዳኛውን ዓይን አዙረው፣ ለሁለት ይደበድቡታል። ጀግናው እጁን ይዘረጋል፣ አንድ ስንዝር ይጎድለዋል፣ ሕዝቡ ይጮኻል። ሕግ አክባሪው በሕጉ ታስሮ ሲመታ ማየት ነው እንግዲህ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳው። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ተመልካቹ የሚሻው ውድድሩን ሳይሆን ሥቃይና ፍትሕ በግልጽ ሲታዩ መሆኑን አመልክቷል።

የግጥሚያውን ፍጻሜ የወሰነው ጀሶ ነው። የፓይፐር አጃቢ ቦብ ኦርተን ክንዱ በጀሶ ታሽጎ ነበር። ኦርንዶርፍ ሆጋንን ከኋላ ጠፍሮ ሲይዝለት፣ ኦርተን ከላይኛው ገመድ ዘሎ በጀሶው ሊመታው ወረደ። ሆጋን ሸርተት ሲል ምቱ ኦርንዶርፍ ላይ አረፈ፤ ሆጋን ተጫነው፤ ዳኛው ሦስት ቆጠረ፤ አለቀ። (የጎልማሳ ክንድ ስብራት በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይጠግጋል። ኦርተን ግን ገና አልዳነልኝም እያለ ጀሶውን ለብዙ ወራት ተሸክሞ ዞረ። አገር ቤት ያለ ወጌሻ ሁሉ ይስቅበት ነበር።)

አሁን ወደ ክርክሩ እንመለስ። አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል፤ በዚህ ቲያትር ባዩ ልክ ነው። አወዳደቁ ግን ሥጋና አጥንት ነው። ታጋይ ሲወድቅ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ እጆቹን ይዘረጋል፣ በላይኛው ጀርባው በሙሉ በአንድ ጊዜ ያርፋል። ኃይሉ በሰፊ ቦታ ስለሚከፋፈል አንዲት አጥንት ለብቻዋ አትሸከመውም። የሪንጉ ወለልም በብረት ላይ የተረበረበ እንጨትና ስስ ፍራሽ ስለሆነ ጥቂት ይለምጣል። ይህ ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ለአንገትና ለአንጎል ደግሞ ብዙም አይበጅም።

ለዚህ ከኦርንዶርፍ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ1986 ከሆጋን ጋር ብዙ ገንዘብ የሚያስገባ ተከታታይ ግጥሚያ ላይ ሳለ ክብደት ሲያነሳ ተጎዳ። አላረፈም፤ መታገሉን ቀጠለ። ነርቩ በመጎዳቱ ቀኝ ክንዱ እየሟሸሸ ሄዶ ከግራው ማነሱ በዓይን ይታይ ነበር። ነርቭ እንደገና የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ጡንቻ ያለ ነርቭ ከዓመት በላይ ከቆየ ደግሞ ወደ ጠባሳ ይለወጣል። ያ ክንድ ቲያትር አልነበረም።

ታዲያ ለምን አላረፈም? ታጋዮቹ በሕግ እንደ ተቀጣሪ ሠራተኛ አይቆጠሩም ነበር፤ ያልታገለ ገቢው ይቋረጣል። በ1989 ኩባንያው ራሱ ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች ትግል መዝናኛ እንጂ ውድድር አይደለም ሲል አመነ። ዓላማው ከግዛቱ ቁጥጥርና ቀረጥ መውጣት ሲሆን፣ አብሮ የሚቀረው ከግጥሚያ በፊት የሚደረገው የሐኪም ምርመራ ነበር። እኔን ያስቆጣኝ ይኼ ነው፤ «ውሸት ነው» የሚለው ቃል የወደቀውን ሰው ያለ ሐኪም ለማስቀረት አገለገለ።

ማኅበር ለማቋቋም የሞከረ አልጠፋም። ጄሲ ቬንቱራ በ1986፣ ከሁለተኛው ሬስልማኒያ በፊት፣ ባልደረቦቹን እንደራጅ ብሎ ቀሰቀሰ። ወሬው ግን ለአሠሪው ለቪንስ ማክማሆን ደረሰ። በ1990ዎቹ ኩባንያውን ከስሶ ሲከራከር፣ ወሬውን ያደረሰው ሆጋን መሆኑን ከማክማሆን ቃል እንደተረዳ ቬንቱራ ተናግሯል። በ1985ቱ ምሽት ሆጋን በጀግኖቹ ማዕዘን ቆሞ ነበር፤ ማይክሮፎን ይዞ ለክፉዎቹ ሲያደላ ያመሸው አስተላላፊ ደግሞ ቬንቱራ ነበር።