የሎው ኢንካም ቤት ገንዘብ ከየት ይመጣል? የሲያትል ምሳሌ

ሲያትል ውስጥ የማስተምራቸው ጎልማሶች «የሎው ኢንካም ቤት የሚሠራው መንግሥት ነው አይደል?» ይሉኛል። ነው። ግን የትኛው መንግሥት? ፌዴራሉ፣ ክፍለ ግዛቱ፣ ካውንቲው ወይስ ከተማው? አንድ ሕንፃ ላይ የአራቱም እጅ ሊኖርበት ይችላል፤ የየአንዳንዱ ገንዘብ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው።

ድጎማው ለምን አስፈለገ?

በገበያ ዋጋ የሚያከራይ ባለሕንፃ የባንክ ዕዳውን ከኪራዩ ይከፍላል። ኪራዩ ዝቅ ካለ ባንኩ የሚያበድረውም ያንሳል። ሲሚንቶው፣ ብረቱና የሠራተኛው ደሞዝ ግን ተከራዩ ድሃ ነው ተብሎ አይቀነስም። የመንግሥት ገንዘብ የሚገባው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ከፌዴራል መንግሥት

የማኅበረሰብ ልማት ብሎክ ግራንት የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣ ሕግ የተጀመረ ሲሆን፣ ከተሞች በየዓመቱ በቀመር ይደርሳቸዋል። ቢያንስ 70 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች መጥቀም አለበት። የሚያፈስ ጣሪያ ይጠገንበታል፤ የእግረኛ መንገድና የማኅበረሰብ ማዕከል ይሠራበታል። እንደ ሥራ ሥልጠና ላሉ አገልግሎቶች የሚውለው ግን በመደበኛው ከ15 በመቶ እንዳያልፍ ተገድቧል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ በዚህ ገንዘብ አዲስ መኖሪያ ቤት መገንባት በአብዛኛው አይፈቀድም። ለዚያ የሚያገለግለው በ1990 የወጣው «ሆም» የተባለው ፕሮግራም ነው።

ትልቁ ምንጭ ግን ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የታክስ ቅናሽ ነው። በ1986 ሕግ ሆኖ የወጣው ይህ አሠራር እንዲህ ነው፦ አንድ ባንክ ወይም ኩባንያ ለሕንፃው መሥሪያ ገንዘብ ያስገባል፤ በምላሹ ለ10 ዓመት ከፌዴራል ታክሱ ላይ ይቀነስለታል። ሕንፃው ደግሞ ቢያንስ ለ30 ዓመት ገቢያቸው ለተወሰነ ሰዎች በተመጠነ ኪራይ እንዲከራይ ይገደዳል። ቅናሹን የሚያከፋፍለው ከተማው ሳይሆን ክፍለ ግዛቱ ነው። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት ደጅ ብቻ የሚጠና ማኅበር ግማሹን መንገድ ስቶታል።

ከከተማው ነዋሪ ኪስ

የሲያትል መራጮች ከ1981 ጀምሮ ለቤት ግንባታ የሚውል ገንዘብ በድምፃቸው ደጋግመው አጽድቀዋል። በየጊዜው በንብረት ግብር ላይ ተጨምሮ የሚሰበሰብ ነው። በ2016 የጸደቀው የ290 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2023 የጸደቀው ግን ለሰባት ዓመት 970 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው ይህን ገንዘብ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤቱ ግብር ለመክፈል ፈቅዶ ያዋጣው ነውና።

ፍሬውንም በዓይናችን አይተናል። ሬኒየር ቫሊ ላይ የሲያትል ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ባለ 90 አፓርታማ የአረጋውያን መኖሪያ አሠርቷል፤ ስሙም «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» ነው። ማኅበረሰቡ በገዛ ቦታው ላይ ይህን ያህል ሕንፃ በመዋጮ ብቻ አያቆምም ነበር። የመንግሥትን በር ማንኳኳት የሚያውቁ ሰዎች ስለነበሩት ግን ቆመ።

ቫውቸር ሌላ ነው

ሴክሽን 8 የሚባለው የፌዴራል የኪራይ ቫውቸር ቤት አይሠራም፤ ኪራይ ያግዛል። ተከራዩ ከገቢው ወደ 30 በመቶ ይከፍላል፤ ቀሪውን ቫውቸሩ ይሸፍናል። ለምሳሌ በወር 2,000 ዶላር የምታገኝ እናት 1,500 ዶላር የሚከራይ ቤት ብትይዝ፣ ኪራዩ ፕሮግራሙ ከፈቀደው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ ከኪሷ የሚወጣው በግምት 600 ነው።

አንዲት እማማ ቤት ቡና ስንጠጣ ከረከቦቱ አጠገብ ያልተከፈተ ፖስታ አየሁ። «ማስታወቂያ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉኝ። ከፈትኩት። በቫውቸሩ ተራ መጠበቂያ መዝገብ ላይ ለመቆየት መልስ ይስጡ የሚል ነበር፤ ቀኑ ግን ሦስት ሳምንት አልፎታል። ለዓመታት የጠበቁት ተራ ባልተከፈተ ፖስታ ተሰረዘ። ያንን ወረቀት ሳስታውስ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ድምፃችን የሚሰማበት ቦታ

የብሎክ ግራንትና የሆም ገንዘብ የሚደርሰው ከተማ ዕቅዱን ለሕዝብ ማሳየት፣ ቢያንስ 30 ቀን አስተያየት መቀበልና በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሕዝቡን ሰብስቦ መስማት ግዴታው ነው። እንግሊዝኛ የማይናገሩ ብዙ ነዋሪዎች ይመጣሉ ተብሎ ከታሰበም እንዴት እንደሚያስተናግዳቸው አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት።

ስለዚህ ቀኑን ጠይቁ፤ አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሄዳችሁም በአማርኛ ተናገሩ። ሳጥን ውስጥ የተጠራቀመ ፖስታ ካለ ደግሞ ዛሬ ማታ ክፈቱት፤ የእናቶቻችሁንም ጭምር።