የሞተር ጀልባ የታችኛው ክንፍ በተሰበረ ጊዜ በብየዳ ስለሚታደስበት መንገድ

በጣና ሐይቅ ላይ ሰው የሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች፥ ከፕሮፔለሩ በታች እንደ ዓሣ ክንፍ የወጣ ስስ አካል አላቸው። ይህ ክንፍ ጀልባው አቅጣጫውን እንዲይዝ ይረዳል፤ ድንጋይም በመጣ ጊዜ ከፕሮፔለሩ አስቀድሞ ይመታል። የጣና ውሃ እጅግ ጥልቅ ነው በተባለበት ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። በበጋው መጨረሻ ውሃው ሲሸሽ ተሰውሮ የነበረው ድንጋይ ይቀርባልና ክንፍ የሚሰበረው ይልቁንም በዚያ ወራት ነው። በ1995 ዓ.ም. ውሃው እጅግ ጎድሎ የመርከብ ጉዞ እስከ መቋረጥ ደርሶ ነበር።

ክንፉ ተሰበረ ብሎ የሞተሩን እግር በሙሉ መጣል ገንዘብ ማባከን ነው። ላገኙት ብረት ሠሪ አሳልፎ መስጠት ግን ከዚህ የባሰ ነው። ክንፉ ከጥርሶቹ ቤት ጋራ ባንድነት የፈሰሰ አሉሚኒየም ነውና፥ የብረት ልማድ ለርሱ አይሆንም። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ለሞተር የሚሆነው ቅይጥ ከዚያም ባነሰ። ከመቅለጡ በፊት አይቀላም፤ ስለዚህ ሙቀትን በመቅላት መገመት የለመደ ሰው ገና ነው ሲል ዕቃው ከፊቱ ፈስሶ ይቀራል። ላዩን የሸፈነው ቀጭን ቆዳ ደግሞ ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ይህ ቆዳ በማይዝግ የሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ካልተነሣ ብየዳው የያዘ መስሎ ይታያል እንጂ አይይዝም።

እንግዲህ ጀልባ በኃላፊነቱ ያለ ሹም፥ በያጁ የአርጎን መሣሪያ ያለው መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። በወረዳው ካልተገኘ የሞተሩን የታችኛ ክፍል አስፈትቶ ወደ ከተማ መላክ ይሻላል። ሲልክም ከመሰሉ ሞተር ላይ የክንፉን ቅርጽ በካርቶን አስነሥቶ አብሮ ይስደድ፤ ያለዚያ በያጁ በግምት ይሠራዋል።

ሥራው ሲጀመር ዘይቱ ይፈስሳል፤ ፕሮፔለሩ፥ ጥርሶቹና ውሃ የሚከለክሉት ጎማዎች ይወጣሉ፤ ሙቀት ጎማን ያበላሻልና። የስብራቱ ጠርዝ በሁለት ወገን በሞረድ ተሸልቶ ዘይትና ቀለም እስኪጠፋ ይጸዳል። የመሣሪያው የመመለሻ ሽቦ ከክንፉ ላይ ይታሰር። ጥርሶቹ ሳይወጡ ከፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ ቢታሰር ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው አልፎ ያበላሸዋል፤ ይህ ጥፋት ዘግይቶ ስለሚታይ ብዙ ጊዜ በሌላ ይሳበባል። ክንፉ እንዳይጣመም ከቀኝም ከግራም በየጥቂቱ እየተበየደ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ፤ ውሃ አይፈስስበት።

አንዳንዶች ዳግመኛ እንዳይሰበር ብለው ወፍራም ክንፍ ያስቀጥላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ክንፉ እንቢ ባለ ጊዜ የሚሰነጠቀው የጥርሶቹ ቤት ነው።

ከተገጠመ በኋላ ዘይት ሳይገባበት መጠነኛ አየር ተሞልቶ ከውሃ ይነከር፤ አረፋ ካወጣ ወደ በያጁ ይመለስ። ዘይቱም ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ይታይ፤ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታልና ጎማዎቹ ሳይለወጡ ጀልባው ሰው አይጫንበት።