ሦስት ቀን በለንደን ቤተ መዘክሮች



ትምህርት ሊዘጋ ነው፤ አንዳንዶቻችሁም ከወላጆቻችሁ ጋር አገር ቤት ልትሄዱ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ በለንደን በኩል የሚያልፉ ቤተሰቦች "እግረ መንገዳችንን ሁለት ሦስት ቀን እንቆይ" ይላሉ። እሰየው! የዛሬው ትምህርታችን እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንደምናቅድ ነው። የማትሄዱም አንብቡት፤ የቤት ሥራው ለሁላችሁም ነው።

መጀመሪያ አንድ ቃል እንማር። "ሙዚየም" በአማርኛ ቤተ መዘክር ይባላል። "ዘከረ" በግዕዝ አስታወሰ ማለት ነው። ዝክር፣ ተዝካር የምንላቸውም ቃላት ከዚሁ የመጡ ናቸው። ስለዚህ ቤተ መዘክር "የማስታወሻ ቤት" ነው። የማን ማስታወሻ? ይህን ጥያቄ ያዙት።

አሁን ወደ ዕቅዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም ለማየት ሲሞክር ነው። እኔም መጀመሪያ ጊዜ ስሄድ በአንድ ቀን ሦስት ሙዚየም ዞሬ፣ ማታ የትዝ ያለኝ የእግሬ ሕመም ብቻ ነበር። ብሪቲሽ ሙዚየም ብቻውን 8 ሚሊዮን ያህል ዕቃ አለው፤ ለሕዝብ የሚታየው 80 ሺህ ያህሉ ነው። 80 ሺህ ዕቃ ማን ያያል? በቃ፣ አንድ ታሪክ መርጠን እሱን እንከተል። እኛ የምንከተለው አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነው።

ስሙ ዓለማየሁ ነው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (በፈረንጅ አፕሪል 13፣ 1868) በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን አንሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሮቹ ዘውዱን፣ መስቀሉን፣ የብራና መጽሐፉን፣ ልብሱን ሁሉ ወሰዱ። ምርኮውን ለመሸከም 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎ ነበር ይባላል። ዓለማየሁንም ከእናቱ ጋር ይዘው ተነሡ። እናቱ ግን ወር እንኳን ብዙም ሳያልፍ መንገድ ላይ ታመው ሞቱ፤ የተቀበሩት ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ነው። ልጁ ብቻውን እንግሊዝ አገር ገባ።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ ከቤት ሳትወጡ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጡ። የሙዚየሞቹ ድረ ገጽ ላይ "መቅደላ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ። በድሮ ጽሑፍ "ማግዳላ" ተብሎ ስለሚገኝ በሁለቱም ሞክሩ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር ለዕይታ ቀርቧል ወይስ መጋዘን ነው የሚል ጽሑፍ አለ። እሱን ሳታዩ አትሂዱ! ዕቃዎቹ ይቀያየራሉ፤ ተጉዞ ሄዶ ባዶ መስታወት ማየት ያበሳጫል።

ቀኖቹን ደግሞ እኔ ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ አድርጌያቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ሐሙስ ገና ከአውሮፕላን የወረዳችሁበት ቀን ነው። ለንደን ከእኛ 8 ሰዓት ይቀድማል። እዚያ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲሆን ኦክላንድና ሳን ሆዜ ገና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ሰውነታችሁ ተኝቷል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አንድ ቦታ ብቻ፤ ብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ። ነፃ የሆነ የመጻሕፍት ማሳያ አዳራሽ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። ከዚያ ውስጥ 350 ያህሉ ዛሬ እዚህ ናቸው። አብዛኞቹ አይታዩም፤ ሆኖም ላይብረሪው ብዙዎቹን ፎቶ አንሥቶ ስለነበር ምስሎቹን ከቤታችሁ ሆናችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። አንድ መጽሐፍ ግን አገሩ ገብቷል። በ1872 (እ.ኤ.አ.) ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ወደ እንግሊዝ ደብዳቤ ጽፈው ክብረ ነገሥትን እንዲመልሱላቸው ጠየቁ፤ አንዱ ቅጂ ተመለሰላቸው። አያችሁ፣ "መልሱልን" የሚለው ጥያቄ ትናንት የተጀመረ አይደለም።

ዓርብ ትልቁ ቀን ነው። ጠዋት ብሪቲሽ ሙዚየም፤ መግቢያው ነፃ ነው። የአፍሪካ አዳራሽ ያለው ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ክፍል 25 ነው። ከናይጄሪያ የተወሰዱት የቤኒን የነሐስ ሥራዎችም እዚያው ናቸው።

እዚህ ሙዚየም ውስጥ ግን በጣም አስፈላጊ የሆነውን ነገር አታዩትም። ሙዚየሙ 11 የኢትዮጵያ ታቦታት አሉት፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የመጡ ናቸው። በጥምቀት ቀን ቄሶች በጨርቅ ሸፍነው በራሳቸው ላይ የሚሸከሙትን አይታችሁ ይሆናል። ታቦትን ከካህናት በስተቀር ማንም ማየት ስለሌለበት፣ የሙዚየሙ ሠራተኞችም ጭምር አያዩአቸውም፤ ተዘግቶባቸው ይኖራሉ። እንግዲህ አስቡት፦ ሙዚየም የሚሠራው ለማሳየት ነው፤ እነዚህን ግን ማሳየት አይችልም። ታዲያ ለምን አይመልስም? ሙዚየሙ የ1963ቱ ሕግ ከስብስቡ ዕቃ እንዳወጣ ይከለክለኛል ይላል። ይህ ሕግ የማይመለከታቸው ሌሎች ግን መልሰዋል። ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ከተማ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የነበረ ታቦት አግኝቶ በ2002 መለሰው፤ አዲስ አበባ ላይ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። በ2019 ደግሞ የለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር መልሷል።

ከምሳ በኋላ ዕረፍት። (ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት!) ማታ ወደ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም። ባቡር ጣቢያው ሳውዝ ኬንሲንግተን ነው፤ ይኼም ነፃ ነው። ሌላ ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ከ45 ይዘጋል፤ ዓርብ ግን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ነው። ለንደን ምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ለእናንተ ሰውነት እኩለ ቀን ስለሆነ እንቅልፍ አይመጣም። ዓርብን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

እዚህ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ አለ። ጎንደር ላይ በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዐፄ ኢያሱ 2ኛ ዘመን ተሠርተው ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የተሰጡ ናቸው ይባላል። ዘውዱ ያብረቀርቃል፤ ሁሉም ሰው እሱ ላይ ነው ፎቶ የሚያነሣው። እኔ ግን የምወደው ሌላ ነገር ነው፦ ቀሚስ። በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ፣ ልክ አያቶቻችሁ ለበዓል እንደሚለብሱት። የዓለማየሁ እናት ቀሚስ ነው። ሙዚየሙ "ጥሩነሽ" በሚለው ስማቸው ነው የመዘገበው፤ ስትፈልጉ በዚያ ፈልጉ። በ2018 የመቅደላ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ ከዘውዱ ጋር ለዕይታ ቀርቦ ነበር። ቀሚስ ለስላሳ ስለሆነ ብርሃን ይጎዳዋል፤ ሁልጊዜ አይወጣም፤ ካልወጣ ፎቶውን በድረ ገጹ ታዩታላችሁ። በዚያው ዓመት የሙዚየሙ ኃላፊ ዕቃዎቹን ለኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ በውሰት መስጠት ይቻላል ብለው ነበር። በውሰት! የራስን ዕቃ መዋስ ይቻላል ወይ? አንዳንዱ "ምንም ከሌለ ይሻላል" ይላል፤ አንዳንዱ "አይሆንም" ይላል። እናንተስ?

ቅዳሜ ዊንዘር። ከዋተርሉ ጣቢያ በባቡር በቀጥታ ትደርሳላችሁ። ይህ ሙዚየም ሳይሆን ቤተ መንግሥት ነው፤ መግቢያው ውድ ስለሆነ ትኬት አስቀድማችሁ ግዙ። ማክሰኞና ረቡዕ ዝግ ነው፤ ውስጡ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እሑድ ለጎብኚ አይከፈትም። ቅዳሜ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ዓለማየሁ እንግሊዝ ሲገባ ያሳደገው ካፒቴን ስፒዲ የሚባል፣ ሐበሾች "ባሻ ፈለቀ" ብለው የሚጠሩት፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ነበር። በኋላ ግን መንግሥት ከእሱም ለይቶ ትምህርት ቤት አስገባው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14፣ 1879 ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ በሽታ ሞተ፤ ዕድሜው 18 ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ዊንዘር እንዲቀበር አዘዙ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ በመሬት ሥር ነው፤ የምታዩት ውስጥ ግድግዳ ላይ ያለውን የነሐስ መታሰቢያ ነው። በ2007 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ዐፅሙ አገሩ እንዲገባ ጠይቀው ነበር። በ2023 ደግሞ ቤተ መንግሥቱ፣ አብረው የተቀበሩትን የሌሎችን ዕረፍት ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም ብሎ መልስ ሰጠ።

እዚያ ስትደርሱ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉና በአማርኛ አንድ ነገር በሉት። "ሰላም ዓለማየሁ" ይበቃል።

ለንደን የማትሄዱ ደግሞ እዚሁ ተለማመዱ። የኦክላንድ ልጆች ከሌክ ሜሪት ባርት ጣቢያ አጠገብ ያለው የኦክላንድ ሙዚየም አላችሁ፤ የሳን ሆዜ ልጆች ስታንፎርድ ያለው ካንቶር ሙዚየም በነፃ ያስገባል። አምስት ዕቃ ብቻ ምረጡ፤ እያንዳንዱ ፊት አሥር ደቂቃ ቁሙ።

የቤት ሥራ (ለሚቀጥለው ቅዳሜ)

1. ብሪቲሽ ሙዚየም በፈረንጅ ሰዓት 10፡00 ይከፈታል፣ 5፡00 ይዘጋል፤ ዓርብ እስከ 8፡30 ይቆያል። በኢትዮጵያ ሰዓት ጻፉት።

2. 1868 በእኛ 1860 ነው፤ 8 ቀነስን። ዓለማየሁ የሞተበት 1879 ግን በእኛ 1872 ነው፤ 7 ቀነስን። ለምን? (ፍንጭ፦ እንቁጣጣሽ መቼ ነው?)

3. ምርኮ፣ ቅርስ፣ ውሰት፣ ስጦታ። በእያንዳንዱ ቃል አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

4. ቀሚሱን በውሰት እንቀበል ወይስ አንቀበል? በአምስት መስመር ጻፉ። እናትና አባታችሁን ጠይቁ፤ ካልተስማሙ የሁለቱንም ጻፉ።