ከድንጋይ የተጠረበ የክርስትና ገንዳ

እስቲ ከቤታችን እንጀምር። ውኃ የምንይዝበት ምን ምን አለ? እንስራ አለ፤ ቅል አለ፤ ለከብቱ ማጠጫ ደግሞ የእንጨት ገንዳ አለ። እንስራ ይሰበራል። ቅል ይሰነጠቃል። የእንጨት ገንዳም ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይበሰብሳል። ድንጋይ ግን ይቆያል። ዛሬ የምናነበው ስለ ድንጋይ ገንዳ ነው። ገንዳው ሕፃን ክርስትና የሚነሳበት ነው።

በአገራችን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። ቄሱ በውኃው ላይ ይጸልያሉ፤ ሕፃኑን ያጠምቃሉ፤ ሜሮን ይቀቡታል። ወንዱን የክርስትና አባቱ፣ ሴቷን የክርስትና እናቷ ትቀበላለች። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ውኃውን የሚይዘው ነገር ግን እንደየአገሩ ይለያያል።

በአገራችን

ከደብረ ታቦር ተነስተን በጋይንት በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ እንሂድ። ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ስንታጠፍ ላሊበላ እንደርሳለን። የላሊበላ አለት እንደ ጉና ተራራችን ሁሉ በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ከዚሁ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። በቤተ ማርያም ቅጥር ግቢ ጥልቅ የውኃ ገንዳ አለ። እሱም ከዚያው አለት የተፈለፈለ ነው። ልጅ ያላገኙ ሴቶች በገና ሰሞን ይጠመቁበታል።

ጎንደር ያለው የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ደግሞ በግንብ የታጠረ ሰፊ ገንዳ ነው። ውኃው ከቀሐ ወንዝ ይመጣለታል። ታቦታቱ ጥር 10 ቀን በከተራ ይወርዳሉ፤ በማግስቱ ውኃው ተባርኮ ለሕዝቡ ይረጫል።

በእንግሊዝ አገር መንደር

አሁን ባሕር እንሻገር። የላሊበላ አለት በሚፈለፈልበት ዘመን አካባቢ፣ በ12ኛው መቶ ዓመት፣ በፈረንሳይ አገር አዲስ የግንብ አሠራር ተጀመረ። ስሙ ጎቲክ ይባላል። የበሩና የመስኮቱ ቅስት ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ነው። ይኸው አሠራር ወደ እንግሊዝ አገርም ተሻገረ። የገጠር ቤተ ክርስቲያኖች በዚሁ ዓይነት ተሠሩ፤ የጥምቀት ገንዳቸውም እንዲሁ።

ገንዳው ምን ይመስላል? ትልቅ ሙቀጫ አስቡ። ከታች እግር አለው፤ መካከሉ ቀጠን ይላል፤ ከላይ ሰፍቶ ውኃ ይይዛል። ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በበሩ አጠገብ ነው። ጥምቀት ወደ ክርስትና መግቢያ በር ነውና። የብዙዎቹ ዙሪያ ስምንት ጎን አለው። ለምን ስምንት ሆነ? ሳምንት ሰባት ቀን ነው። ክርስቶስ የተነሳው ከሰባተኛው ቀን ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ስምንት የአዲስ ሕይወት ቁጥር ሆነ።

ድንጋይ ውኃ ይመጣል። ስለዚህ ውስጡን በእርሳስ ለበጡት። ይህ የምንጽፍበት እርሳስ አይደለም፤ ለጥይት የሚሆነው ከባዱ ማዕድን ነው። ከሥሩም ቀዳዳ አለው። የተባረከው ውኃ በዚያ በኩል ወደ መሬት ይሰርጋል እንጂ ሰው በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ውኃው ብዙ ቀን ስለሚቀመጥ ለአስማት የሚሰርቁት ነበሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1236 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ገንዳዎቹ ክዳን ተደርጎላቸው እንዲቆለፉ አዘዘ።

ኖርፎክና ሰፎክ በሚባሉ የእንግሊዝ አውራጃዎች ያሉት ገንዳዎች ከሁሉ ይበልጣሉ። በአንዳንዶቹ በሰባቱ ጎን ሰባቱ ምስጢራት ተቀርጸውባቸዋል። ካህን ሕፃን ሲያጠምቅ፣ ሙሽሮች ሲጋቡ፣ ሰው ንስሐ ሲገባ፣ በሽተኛ ቅብዐ ቅዱስ ሲቀባ ይታያል። በዚያ ዘመን አብዛኛው ገበሬ ማንበብ አይችልም ነበር። ድንጋዩን እያየ ተማረ። እኛም አገር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

የተረሳው ገንዳ

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የሃይማኖት ጠብ ተነሳ። ሥዕልና ቅርጽ ጣዖት ነው ያሉ ሰዎች የብዙ ገንዳ ቅርጽ ፊቱን በመዶሻ አረገፉት። አንዳንዱ ገንዳ ተነቅሎ ወደ ውጭ ተጣለ። ከዚያ ምን ሆነ? ዓመታት አለፉ፤ የሚያውቁት ሰዎች ሞቱ። ልጆቻቸው የድንጋይ ገንዳ አገኙ፤ ለምን እንደተሠራ ግን አላወቁም። የከብት ውኃ ማጠጫ አደረጉት! ከብዙ ዘመን በኋላ ከገበሬ ግቢ ተፈልገው ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሱ አሉ። ሳይታወቁ የቀሩትን ማን ይቆጥራቸዋል?

ድንጋይ ረጅም ዕድሜ አለው። አፍ ግን የለውም። ታሪኩን የሚናገርለት ሰው ነው። ሰው ደግሞ ያልፋል። የማያልፈው የተጻፈው ነው።

በእናንተስ ቀበሌ የቆየ የተጠረበ ድንጋይ የለም? በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በመስጊዱ፣ በመቃብሩ፣ በምንጩ ዳር ተመልከቱ። ካለ ለካብ ብላችሁ አትፍለጡት። ለመንገደኛ ነጋዴም አትሽጡት። ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ጠይቁ። ማን ሠራው? ለምን ሠራው? ከየት መጣ? የነገሯችሁን በደብተር ጻፉ። የተናጋሪውን ስምና ቀኑንም ጨምሩ። ትናንት ፊደል ባልቆጠርንበት ጊዜ ይህን ለማድረግ አንችልም ነበር። ዛሬ እንችላለን።

አዳዲስ ቃላት

ቅስት — እንደ ደጋን የጎበጠ የበር ወይም የመስኮት አናት
ለበጠ — ላዩን ወይም ውስጡን በሌላ ነገር ሸፈነ
ማዕድን — ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣ እንደ ብረት ያለ ነገር

ጥያቄዎች

1. የገንዳው ውስጥ በእርሳስ የተለበጠው ለምንድን ነው?
2. ገንዳዎቹ እንዲቆለፉ የታዘዘው ለምንድን ነው?
3. የጥምቀት ገንዳ የከብት ማጠጫ እስከ መሆን የደረሰው እንዴት ነው?
4. በቀበሌያችሁ ስለሚገኝ አንድ የቆየ ነገር አንድ ሽማግሌ ጠይቃችሁ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።