ለልጅ የታሪክ መጽሐፍ ስትጠቁሙ

ለልጅ የታሪክ መጽሐፍ ስንሰጥ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን የሚመርጠው የእኛ ኩራት ነው። ልጁ ግን የራሱ ጥያቄ አለው። በሥዕል የተደገፈ የሕይወት ታሪክ ለእህታችሁ ልጅ ወይም ለተማሪያችሁ ከመጠቆማችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. መጀመሪያ ልጁን አስወሩት። ዕድሜውን ብቻ ሰምታችሁ አትምረጡ። ዳይኖሰርና አጥንት ለሚያስደንቀው በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስለተገኘችው ስለ ድንቅነሽ፣ ቤት እየገነባ ለሚያፈርስ ፒራሚድ እንዴት እንደተሠራ በብዕር ሥዕል ያሳየውን የዴቪድ ማኮሌይን መጽሐፍ፣ ሩጫ ለሚወድ ስለ አበበ ቢቂላ የተጻፈ ፈልጉ።

2. መጽሐፉን በደንብ በምታውቁት ነገር ፈትኑት። ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ስለ አበበ ከሆነ በቀጥታ የሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን ገጽ ግለጡ። «ጫማ መግዣ አጥቶ በባዶ እግሩ ሮጠ» የሚል ከሆነ ወደ መደርደሪያው መልሱት። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ በስዊድናዊው አሰልጣኝ በኦኒ ኒስካነን ሥር በባዶ እግሩም ይለማመድ ነበር፤ ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው ሳያደርግ መሮጥን መረጠ። በመጀመሪያው አተራረክ ልጁ የሚያዝንለት ምስኪን ያያል፤ በሁለተኛው አስቦ የሚወስን አትሌት።

ሥዕሉንም እንዲሁ መርምሩ። አበበ በጠራራ ፀሐይ ሲገባ ከተሣለ ሠዓሊው ሳይጠይቅ ሥሏል፤ ውድድሩ ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ ነው ያበቃው፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ሯጮቹ ባለፉበት ጎዳና ዳር ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን የወሰደችው የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ጥሩ መጽሐፍ ያንን ሐውልት አይዘልም። ሐውልቱ ካለ ልጁ «እዚያ ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ታሪክ መማር የጀመረው ያኔ ነው።

የመጨረሻውን ገጽም እዩ። በሜዳሊያ የሚያልቅ የሕይወት ታሪክ ልጁን ያጎድለዋል። አበበ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። በ1961 ዓ.ም. የመኪና አደጋ እግሮቹን ሽባ ቢያደርግበትም በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ይህን ከልጆች መደበቅ አያስፈልግም።

3. ጽሑፉን ሸፍናችሁ ሥዕሉን ብቻ ተመልከቱ። በቆዩት የዓድዋ የሸራ ሥዕሎች ወገን ብዙውን ጊዜ በሙሉ ፊት፣ ጠላት ደግሞ በጎን ይሣላል። እንዲህ ያለ ሥዕል የያዘ መጽሐፍ መቼ እንደተሣለ ቢነግር ይመረጣል፤ ካልነገረ እናንተ ለልጁ አስረዱት።

4. ዓመተ ምሕረቱን አስተካክሉ። ዓድዋ በእኛ 1888፣ በፈረንጆቹ 1896 ነው። የሮሙ ማራቶን መስከረም 10 ቀን 1960 ተብሎ ሲጻፍ ወሩ የእነሱ ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። በተለይ ውጭ አገር ላደገ ልጅ ሁለቱንም በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ጻፉለት።

5. ከበድ ያሉትን ቀድማችሁ አንብቡ። የጆን ልዊስ ባለ 3 ቅጹ «ማርች» የአሜሪካ ጥቁሮችን የመብት ትግል በሥዕል የሚተርክ ድንቅ ሥራ ነው፤ ሦስተኛው ቅጽ በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ነገር ግን ድብደባውንም ስድቡንም አይሸፍንም። ለ13 ዓመት ልጅ እሰጠዋለሁ፤ ለ8 ዓመት ልጅ ግን አልሰጥም።

6. ስትሰጡ አትፈትኑት። «ስትጨርስ እጠይቅሃለሁ» የተባለ ልጅ የሚያነበው ለፈተና ነው። ይልቅ የወደዳችሁትን አንድ ሥዕል ግለጡና መጽሐፉን እዚያው ገጽ ላይ ክፍት አድርጋችሁ ተዉለት።