በፕሮጀክት ውስጥ ላለ ፕሮጀክት የአድራሻ አያያዝ

ባለፈው ክረምት ጥቂት የቋንቋ ተማሪዎች ወደ ላንቴ ወርደን፥ በአባያ ሐይቅ አጠገብ ካሉት የሙዝ ገበሬዎች የጋሞኛ የእርሻ ቃላት ስንሰበስብ ሰነበትን። ሥራችንን የምናስቀምጠው በጊት ነበር። ጊት ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1997 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር 2005) ያወጣው፥ የፋይሎችን ለውጥ በየደረጃው የሚመዘግብ መሣሪያ ነው። መዝገበ ቃላታችን ዋናው ፕሮጀክት ሲሆን፥ ከሌላ ቡድን ጋራ የምንጋራው የቃላት ዝርዝር በውስጡ እንደ ንዑስ ፕሮጀክት ተቀምጧል። በዚያ የሠራነውን ስሕተት ጓደኞቻችን እንዳይደግሙት ይህን አቅርበናል።

ኔትዎርኩ ደካማ ስለ ነበረ ንዑሱን ፕሮጀክት ከፍላሽ ለማውጣት ፈለግን። «.ጊትሞጁልስ» በሚባለው ፋይል ያለውን አድራሻ አጥፍተን የፍላሹን መንገድ ጻፍንበት፤ ኔትዎርኩ ብቅ ባለ ጊዜም ሳናስብ ወደ ጋራው ማከማቻ ላክነው። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛችን ሥራውን እንደ አዲስ ሲያወርድ፥ ኮምፒውተሩ በእኛ ኪስ ያለውን ፍላሽ ይፈልግ ጀመር! ቀድመው ያወረዱት ግን ምንም አልደረሰባቸውም። ልዩነቱ ከምን መጣ?

አድራሻው የሚጻፈው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው «.ጊትሞጁልስ» ነው፤ ይህ የሁላችን መዝገብ ነው። ሁለተኛው በየግል ኮምፒውተራችን ያለው የዋናው ፕሮጀክት «ኮንፊግ» ነው። «ጊት ሰብሞጁል ኢኒት» ስንል አድራሻው ከጋራው መዝገብ ወደዚህ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ የጋራው ቢለወጥ የግሉ በራሱ አይከተልም። የቀድሞዎቹን ያዳናቸው ይኸው ነው። ሦስተኛው ንዑሱ ፕሮጀክት ራሱ የሚይዘው «ኮንፊግ» ነው።

ስለዚህ በላንቴ ማድረግ የነበረብን እንዲህ ነው። መጀመሪያ «ኢኒት» ማለት፤ ቀጥሎ «ጊት ኮንፊግ» በሚለው ትእዛዝ የግሉን አድራሻ ብቻ ወደ ፍላሹ ማዞር፤ በመጨረሻ «ጊት ሰብሞጁል አፕዴት» ማለት። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጊት ለደኅንነት ሲል ንዑስ ፕሮጀክትን ከፋይል መንገድ መቅዳት ስለሚከለክል፥ ለዚያች ትእዛዝ ብቻ «ፕሮቶኮል.ፋይል.አላው» የተባለውን «ኦልዌይስ» ማድረግ ያስፈልጋል። ይህም ለሚታመን ፍላሽ ብቻ ይሁን።

አድራሻ ሲለወጥ የተሳሳተ ዝርዝር ይመጣ ይሆን? ብሎ የሚሠጋ ይኖራል። ዋናው ፕሮጀክት ከአድራሻው ሌላ የሚፈልገውን ኮሚት መለያ ቍጥር ይመዘግባል። ያ ኮሚት በፍላሹ ከሌለ ሥራው ይቆማል እንጂ ሌላ አይተካበትም።

ወደ ከተማ ስንመለስ «ጊት ሰብሞጁል ሲንክ» እንላለን። ይህ ትእዛዝ የጋራውን አድራሻ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቦታ ላይ መልሶ ይጽፋል። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ገና በመንደር ሳሉ «ሲንክ» ያለ ሰው ለራሱ ያዘጋጀውን አድራሻ ያጠፋል።

ማከማቻው ለሁሉም በእውነት ከተዛወረ ግን የጋራውን መዝገብ መለወጥ ተገቢ ነው፤ ለዚህ «ጊት ሰብሞጁል ሴት-ዩአርኤል» አለ። ከዚያም ባልንጀሮች ሁሉ «ሲንክ» እንዲሉ መንገር አይረሳ።

እኛ ለራሳችን ችግር ብለን የጋራውን መዝገብ ነካን፤ ጓደኛችንም ሁለት ቀን ሥራ ፈታ። የግል ችግር በግል መዝገብ ይፈታ፤ የጋራው ለጋራ ጉዳይ ይቆይ።